ሳናጣራ አንፍረድ፦ የመስክ ጥገኛ ዝንቦችን እንዴት እንለያለን?



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። በዚህ የትምህርት ዓምዳችን በየዕለቱ በእጃችን እያባረርን ወደምናልፈው ፍጡር እንመለሳለን፤ ወደ ዝንብ። ትኩረታችን ግን ምግባችን ላይ በሚያርፈው የቤት ዝንብ ላይ አይደለም። አበባ ባለበት መስክ፣ በግጦሽ ሣርና በማሳ ዳር በሚገኙት፣ ልጆቻቸው በሌላ ፍጡር ሰውነት ላይ ተጠግተው በሚያድጉት ዝንቦች ላይ ነው።

ለምን ስለ ዝንብ?

በአገራችን «ሺህ ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» ይባላል። ዝንብ የደካማነት ምሳሌ ነው። በቅዱስ ቁርኣን ሱረቱል ሐጅ 73ኛ አንቀጽ ላይም ዝንብ ተጠቅሷል፤ እዚያ የተጋለጠው ግን የዝንቡ ትንሽነት ሳይሆን ከአላህ ሌላ የሚመለኩት ነገሮች አቅመ ቢስነት ነው። የቀደሙት ሙስሊም ጸሐፍትም ዝንብን ንቀው አላለፉትም። የበስራው አል-ጃሒዝ (በ255 ዓመተ ሒጅራ ያረፈው) «ኪታብ አል-ሐየዋን» በተሰኘው ሰፊ ሥራው ስለ ዝንብ ጽፏል። ግብጻዊው አድ-ደሚሪም (በ808 ዓመተ ሒጅራ ያረፈው) እንስሳትን በፊደል ተራ በዘረዘረበት መጽሐፉ ውስጥ ለዝንብ ቦታ ሰጥቷል።

ዛሬ ርዕሱን ያነሳንባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የባዮሎጂ፣ የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎቻችን ነፍሳትን ሰብስበው እንዲለዩ ይታዘዛሉ፤ ብዙዎቹም ጥገኛውን ዝንብ «ንብ» ወይም «ተርብ» ብለው ይመዘግባሉ። ሁለተኛ፣ ብዙዎቻችን ከገበሬና ከአርብቶ አደር ቤት የመጣን ነን። ለእረፍት ስንመለስ «እናንተ የተማራችሁ፣ ይህ ምንድን ነው? መድኃኒት እንርጭበት?» ተብለን እንጠየቃለን። መልሳችን በማሳው ላይ ውጤት አለው። ሦስተኛ፣ በክፍል ውስጥ ስለነዚህ ፍጡራን ስንማር «ሌላውን ከነሕይወቱ የሚበላ ፍጡር ከአዛኝ ፈጣሪ ጋር እንዴት ይስማማል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄውን በሹክሹክታ ይዘን ከምንዞር በግልጽ ብንወያይበት ይሻላል።

ሦስቱንም የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፤ ከፍርድ በፊት ማጣራት። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ላይ የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ ታዘናል፤ ሳናጣራ በሰው ላይ ጉዳት አድርሰን እንዳንጸጸት። አንቀጹ የወረደው ስለ ሰው ወሬ ነው፤ የሚያስተምረን ጠባይ ግን በቤተ ሙከራና በማሳ ውስጥም ይጠቅመናል።

«ጥገኛ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በሌላ ሕይወት ባለው ፍጡር ላይ ወይም ውስጥ የሚኖር፣ ምግቡንም ከእርሱ የሚያገኝ ፍጡር ጥገኛ ይባላል። የሚኖርበት ፍጡር ደግሞ አስተናጋጅ ይባላል። ይሁንና ጥገኞች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም።

አንዳንዱ ጥገኛ አስተናጋጁን ያዳክመዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አይገድለውም። በበግ አፍንጫ ውስጥ የሚያድገው የዝንብ እጭ ከዚህ ወገን ነው። ሌላው ደግሞ አስተናጋጁን ቀስ በቀስ በልቶ በመጨረሻ ይገድለዋል። በአባጨጓሬ ውስጥ የሚያድጉት እጮች እንዲህ ናቸው፤ እኛ እዚህ «ገዳይ ጥገኛ» እንላቸዋለን። ሦስተኛው ወገን እጩ የሌላውን እንቁላል የሚበላ ነው፤ ይህ ከጥገኝነት ይልቅ ወደ አዳኝነት የቀረበ ነው። ሦስቱም መስክ ላይ ይገኛሉ።

አንድ ነገር ልብ እንበል። በአብዛኞቹ ጥገኛ የሚሆነው እጩ ነው። የጎለመሰው ዝንብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአበባ ወለላ እየቀሰመ ይኖራል። ለዚህ ነው አበባ ባለበት መስክ የምናገኘው። አበባ ላይ በሰላም ተቀምጦ ያየነው ዝንብ የልጅነት ታሪኩ ከመልኩ አይታወቅም።

መጀመሪያ፦ ዝንብ ነው ወይስ አይደለም?

እስከ ዛሬ ስም ተሰጥቷቸው የተመዘገቡት የዝንብና የትንኝ ወገን ዝርያዎች ከ150 ሺህ በላይ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ንብ ወይም ተርብ ይመስላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ዝንብን ከንብና ከተርብ መለየት ነው። ሦስት ምልክቶችን እንያዝ።

ክንፍ፦ ንብና ተርብ አራት ክንፍ አላቸው፤ ከኋላ ያሉት ትናንሾቹ ከፊተኞቹ ጋር ስለሚያያዙ ሁለት ብቻ ሊመስሉን ይችላሉ። ዝንብ ያለው ሁለት ክንፍ ብቻ ነው። በኋለኞቹ ክንፎች ቦታ ጫፋቸው የተድቦለቦለ ሁለት ትናንሽ ዘንጎች ይታያሉ። ሃልቴር ይባላሉ፤ ዝንቡ ሲበር ሚዛኑን የሚጠብቅባቸው ናቸው።

አንቴና፦ የንብና የተርብ አንቴና ረዥምና እንደ ክርን የታጠፈ ወይም ቀጥ ያለ ነው። የአብዛኛው የመስክ ዝንብ አንቴና አጭር ሲሆን፣ ከጫፉ ወይም ከጎኑ አንዲት ቀጭን ፀጉር ትወጣበታለች። አንዳንድ ተርብ መሳይ ዝንቦች ረዘም ያለ አንቴና ስላላቸው ይህን ምልክት ብቻውን አንመን።

ዐይን፦ የዝንብ ዐይኖች አብዛኛውን የራሱን ክፍል ይሸፍናሉ። የንብ ዐይኖች ከራሷ ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ ጠበብ ያሉ ናቸው።

በመስክ ልንለያቸው የምንችላቸው አምስት ቡድኖች

አንድ፦ ሻካራ ፀጉራሞቹ (ታኪኒድ)

ከ8,500 በላይ የሚታወቁ ዝርያዎች ያሉት ትልቅ ቤተሰብ ነው። ሁሉም በሌሎች ነፍሳትና በቅርብ ዘመዶቻቸው ላይ ገዳይ ጥገኞች ናቸው። በሩቁ ሲታዩ ወፈር ያለ የቤት ዝንብ ይመስላሉ። ቀረብ ብለን ስናይ ግን በሰውነታቸው ላይ፣ በተለይም በሆዳቸው ጫፍ፣ እንደ ጃርት እሾህ የቆሙ ጠንካራ ጥቁር ፀጉሮች አሉ። ከሁሉ የሚታመነው ምልክት ግን ሌላ ነው። ከደረታቸው ጀርባ፣ ሦስት ማዕዘን ከሚመስለው ትንሽ ጋሻ ሥር፣ ተጨማሪ ትንሽ ጉብታ አለ። ዝንቡን ከጎኑ በማጉያ መነጽር ካየነው ጉብታው ይታያል። የቤት ዝንብና የሥጋ ዝንብ ይህ የላቸውም።

እንቁላላቸውን የሚጥሉበት መንገድ የተለያየ ነው። አንዳንዷ እናት ነጭ እንቁላሏን በአባጨጓሬው ቆዳ ላይ ትለጥፋለች። ሌላዋ እጅግ ጥቃቅን እንቁላሎችን በቅጠል ላይ ትበትናለች፤ አባጨጓሬው ቅጠሉን ሲበላ አብሮ ይውጣቸዋል። የሌላዋ እጮች ደግሞ በመንገድ ላይ ተፈልፍለው አስተናጋጃቸው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። እጩ ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ በአስተናጋጁ ቆዳ ወይም የአየር ቧንቧ ላይ ቀዳዳ አበጅቶ አየር ይስባል። የአስተናጋጁ ሰውነት ራሱን ለመከላከል በዙሪያው የሚሠራውን ግድግዳ እንኳ መተንፈሻ ያደርገዋል።

ለምህንድስና ተማሪዎቻችን አንድ ነገር እንጨምር። በአሜሪካ የሚገኝ ኦርሚያ ኦክራሲያ የተባለ የዚህ ቤተሰብ ዝንብ፣ ፌንጣ መሳዩን ነፍሳት የሚያገኘው ሌሊት ከሚያሰማው ድምፅ ተነስቶ ነው። ሁለቱ ጆሮዎቹ እጅግ ተቀራርበው ሳሉ ድምፁ ከየት እንደመጣ በትክክል ይለያል። የጆሮው አሠራር አቅጣጫ የሚለዩ ጥቃቅን ማይክሮፎኖችን ለመሥራት ለሚጥሩ ተመራማሪዎች መነሻ ሆኗል። ሱብሓነላህ!

ሁለት፦ ንብ መሳዮቹ (ቦምቢሊድ)

ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎች አሏቸው። ብዙዎቹ በለስላሳ ቡናማ ወይም ወርቃማ ፀጉር የተሸፈኑ ናቸው። አንዳንዶቹ እንደ መርፌ ወደፊት የተዘረጋ ረዥም መምጠጫ አላቸው። ያ ረዥም ነገር መናደፊያ ሳይሆን ወለላ መሳቢያ ነው፤ ሰውን አይነካም። ፀሐይ ባለበት ሰዓት በአበባ ፊት በአየር ላይ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ድንገት ወደ ጎን ይወረወራሉ። ሲያርፉ ክንፋቸውን ወደ ጎን ይዘረጋሉ፤ በብዙዎቹ ክንፍ ላይም ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ጥላ አለ።

የብዙዎቹ እናቶች ባዶ አፈር አጠገብ እያንዣበቡ እንቁላላቸውን ወደ ጉድጓድ ይወረውራሉ። ለዚህም አንዳንዶቹ በሆዳቸው ጫፍ ባለ ትንሽ ከረጢት አሸዋ ይሰበስባሉ፤ እንቁላሉም በአሸዋ ተለውሶ ይወጣል። እጮቹ በአፈር ውስጥ ጎጆ በሚሠሩ ብቸኛ ንቦች ልጆች፣ በአባጨጓሬዎች ወይም በአንበጣና በፌንጣ እንቁላል ላይ ያድጋሉ። ሲስቶኬስ ሶማሊ የተባለው ዝርያ እጩ የበረሃ አንበጣን እንቁላል ይበላል።

ሦስት፦ ወገበ ቀጭኖቹ (ኮኖፒድ)

800 ያህል ዝርያዎች ያሉት ቤተሰብ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስቱን እነዚህ ናቸው። ቀጭን ወገብ፣ ጥቁርና ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለም፣ ረዘም ያለ አንቴና ስላላቸው ብዙዎቹ ተርብ ይመስላሉ። ክንፋቸውን ስንቆጥር ግን ሁለት ብቻ ነው። ራሳቸው ከደረታቸው የሰፋ፣ የሆዳቸውም ጫፍ ወደ ታች የታጠፈ ነው።

ሴቷ አበባ አጠገብ ትጠብቅና ንብ ወይም ተርብ ስትመጣ በአየር ላይ ትይዛታለች። የሆዷን ጫፍ በንቧ የሆድ ቀለበቶች መካከል እንደ ቆርቆሮ መክፈቻ አስገብታ እንቁላሏን ታስቀምጣለች። እጩ በንቧ ሆድ ውስጥ ያድጋል፤ ንቧ ከሞተች በኋላም ወደ ዝንብ የሚለወጥበትን የእንቅልፍ ደረጃ (ፑፓ) እዚያው ያሳልፋል። በአውሮፓ በተደረጉ ጥናቶች፣ እንዲህ የተያዙ ትልልቅ ፀጉራም ንቦች ከመሞታቸው በፊት አፈር ቆፍረው እንደሚገቡ ታውቋል፤ ይህም በውስጣቸው ያለው ዝንብ ክረምቱን በሰላም እንዲያልፍ ይረዳዋል።

አራት፦ የአንበጣ እንቁላል በላው (ስቶሞራይና ሉናታ)

ይህ አንድ ዝርያ ቢሆንም ለአካባቢያችን ስላለው ትርጉም ለብቻው አነሳነው። መካከለኛ መጠን ያለው፣ ሆዱ ላይ ጥቁርና ቢጫ ወይም ግራጫ መስመር ያለበት ዝንብ ነው። ዐይኖቹ ባለ መስመር ናቸው፤ የፊቱ የታችኛው ክፍልም እንደ አፍንጫ ወደፊት ይወጣል። የጎለመሰው ዝንብ አበባ ላይ ይገኛል። ሴቷ ግን የአንበጣ መንጋ ወዳለበት ትሄዳለች። አንበጣዋ እንቁላሏን አፈር ውስጥ ስትቀብር ዝንቧ የራሷን እንቁላል በላዩ ታኖራለች፤ እጮቹም ወርደው የአንበጣውን እንቁላል ይበላሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 የበረሃ አንበጣ አገራችንንና ጎረቤቶቻችንን እንዴት እንዳስጨነቀ እናስታውሳለን። እነዚህ ዝንቦች መንጋውን ብቻቸውን ያስቆማሉ ማለት አይደለም፤ ያን ያህል ሰፊ ወረራ በዝንብ አይመለስም። ሆኖም «ዝንብ ምን ይጠቅማል?» ለሚል ሰው፣ በአፈር ሥር ማንም ሳያያቸው የአንበጣ እንቁላል የሚበሉ እጮች እንዳሉ መናገር እንችላለን።

አምስት፦ የእንስሳት ዝንቦች (ኤስትሪድ)

150 ያህል ዝርያዎች ብቻ ያሉት ቤተሰብ ቢሆንም እረኞች ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት ጉዳቱን ነው። የጎለመሱት ዝንቦች አፋቸው ስለማይሠራ አይመገቡም፤ ሕይወታቸው አጭር ነው። ስለዚህ አበባ ላይ ሳይሆን በመንጋው አጠገብ ነው የምናገኛቸው።

የበግ አፍንጫ ዝንብ (ኤስትረስ ኦቪስ) ግራጫ፣ ራሱ ሰፊ፣ ደረቱ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ጉብጉቦች ያሉበት ነው። ሴቷ እንቁላል አትጥልም፤ እየበረረች ሕያው እጮችን በበግና በፍየል አፍንጫ ላይ ትረጫለች። ከዝንቡ በፊት ብዙ ጊዜ የምናየው የበጎቹን ጠባይ ነው፤ ተጠጋግተው ይቆማሉ፣ አፍንጫቸውን መሬት ላይ ወይም በሌላው በግ ፀጉር ውስጥ ይቀብራሉ፣ ራሳቸውን ያናውጣሉ፣ ያነጥሳሉ። አልፎ አልፎ እጮቹ በእረኛ ዐይን ላይ ያርፋሉ። እንዲህ ከሆነ ዐይንን ከማሸት ተቆጥቦ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

የፈረስና የአህያ ሆድ ዝንብ (ጋስትሮፊለስ) ደግሞ ፀጉራምና ንብ መሳይ ነው። ቢጫማ እንቁላሉን በፊት እግር ፀጉር ላይ ይለጥፋል፤ እንስሳው ሲልሰው እጩ ወደ አፍ ይገባና በመጨረሻ ጨጓራው ላይ ተጣብቆ ያድጋል። በአህያ የፊት እግር ፀጉር ላይ የተደረደሩ ቢጫ ነጥቦች ካየን ዝንቡን ሳናይ እንኳ መኖሩን አወቅን ማለት ነው።

የሚያሳስቱን ሌሎች ዝንቦች

ሲርፊድ የሚባሉት ዝንቦች ባለ ቢጫና ጥቁር መስመር ሆነው በአበባ ላይ በአየር ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ሰውነታቸው ለስላሳ ነው፤ ሻካራው ፀጉር የላቸውም። ጥገኛ አይደሉም፤ የብዙዎቹ እጮች የእህልና የአትክልት ክሽክሾችን ይበላሉ። የሥጋ ዝንብ በደረቱ ላይ ሦስት ጥቁር መስመሮች፣ በሆዱ ላይ ደግሞ የዳማ ሰሌዳ የመሰለ ግራጫና ጥቁር ንድፍ አለው፤ ከጋሻው ሥር ያለው ጉብታ ግን የለውም። ከብት እየነከሱ ደም የሚመጥጡት ትልልቅ ዝንቦችም እዚህ ከዘረዘርናቸው ወገን አይደሉም፤ ደም የምትመጠው የጎለመሰችው ሴት ናት፣ እጯም በአብዛኛው በእርጥብ አፈር ውስጥ ነው የሚያድገው። በጥገኝነት የሚኖሩ ጥቃቅን ተርቦችም ብዙ ናቸው፤ አራት ክንፋቸው ይለያቸዋል።

መስክ ላይ ምን እናደርጋለን?

ጊዜ፦ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ፣ ከረፋዱ 3 ሰዓት እስከ ዙህር አዛን ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ መስኩ በአደይ አበባ ሲሸፈን ብዙ ዝርያ ይገኛል።

ዕቃ፦ ማስታወሻ ደብተር፣ ስልክ፣ የእጅ ማጉያ መነጽርና ክዳን ያለው ብርሃን አስተላላፊ ማሰሮ ይበቃል። ዝንቡን በማሰሮ ይዞ ለጥቂት ደቂቃዎች ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ያረጋጋዋል፤ በማጉያ አይተን፣ ፎቶ አንስተን እንለቀዋለን። ኮርሱ የደረቀ ናሙና ካስገደደን ከሚያስፈልገን በላይ አንግደል።

ፎቶ፦ አንድ ፎቶ አይበቃም። ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊትና የተዘረጋ ክንፉን እናንሳ። የታኪኒድ ጉብታ ከላይ በተነሳ ፎቶ አይታይም።

መዝገብ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የነበረበትን አበባና ሲያደርግ ያየነውን እንጻፍ። «ቡናማ ዝንብ» ከማለት «በባዶ አፈር ላይ እያንዣበበች የሆዷን ጫፍ የምትወረውር ፀጉራም ዝንብ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ማሳደግ፦ ማን በማን ላይ እንደሚያድግ በእርግጠኝነት የምናውቀው በማሳደግ ነው። አባጨጓሬዎችን ከሚበሉት ቅጠል ጋር አየር በሚያስገባ ማሰሮ እናስቀምጥ፤ ቅጠሉን በየቀኑ እንቀይር። ከቢራቢሮ ፋንታ የእህል ፍሬ የመሰለ ቡናማ ቅርፊት ካገኘን የዝንብ ፑፓ ነው። ዝንቡ እስኪወጣ እንታገስ።

እርግጠኛ ካልሆንን ደግሞ እስከምናውቅበት ደረጃ ብቻ እንጻፍ። «ታኪኒድ፣ ዝርያው ያልተለየ» የሚል መዝገብ በግምት ከተጻፈ ረዥም ሳይንሳዊ ስም ይበልጣል። የማናውቀውን «አላውቅም» ማለት የዲን ትምህርታችንም አደብ ነው። ብዙ ዝርያዎች በባለሙያ እጅ፣ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይለዩም።

«ርኅራኄው የት አለ?» ለሚለው ጥያቄ

ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1860 ለአሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ለኤሳ ግሬይ በጻፈው ደብዳቤ፣ በአባጨጓሬ ውስጥ የሚያድጉ ጥገኛ ተርቦችን ጠቅሶ ይህን ከቸር ፈጣሪ ጋር ማስታረቅ እንደከበደው ገልጿል። ጥያቄው እስከ ዛሬ ይነሳል፤ አንሸሸውም።

ብዙዎቻችን ቶሎ የምንሰጠው መልስ «ተባይ ስለሚቀንሱልን ነው» የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ ግን አይበቃም። የበግ አፍንጫ ዝንብ ለገበሬው ምን ጥቅም አለው? ኮኖፒድስ የማር ምንጭ የሆኑትን ንቦች ሲገድል? እምነታችንን በጥቅም ስሌት ላይ ከሠራነው ስሌቱ ባልሠራበት ቦታ ይናጋል። እኛ አላህ አል-ሐኪም፣ ጥበበኛ ነው ብለን ያመንነው ጥበቡን ሁሉ ቆጥረን ስለጨረስን አይደለም። ከፊሉን አሳይቶናል፤ ከፊሉን ሰውሮብናል።

ሁለተኛ፣ ጭካኔ የምንለው ነገር መምረጥ የሚችል አካል ሥራ ነው። ዝንቡ ሙከለፍ አይደለም፤ ትእዛዝና ክልከላ አልተጫነበትም። የተፈጠረበትን ይኖራል። ነፍሳት ምን ያህል ሕመም እንደሚሰማቸውም ሳይንሱ ገና እየመረመረው ያለ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የሰውን ስሜት በአባጨጓሬ ላይ ጭነን ከመፍረድ እንቆጠብ።

ሦስተኛ፣ የሚጎዳ ነገር መኖሩ እጃችንን አጣጥፈን እንድንቀመጥ አያደርገንም። ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት መኖሩ በሐዲስ ተነግሮናል። በጉን ማከም፣ አህያውን ከእንቁላሉ ማጽዳት፣ ንቡን መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው። መምረጥ የምንችለው እኛ ነን፤ ተጠያቂነቱም ያለው በእኛ ላይ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ

ከላይ የዘረዘርነው ትምህርት ፍሬ የሚያፈራው እዚህ ነው። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ብዙ የበቆሎ ገበሬዎች በጭንቀት ፀረ ተባይ ይረጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ከተሰበሰቡት ተምቾች ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑት ኮቴዥያ አይሲፔ በተባለች ጥቃቅን ጥገኛ ተርብ የተያዙ ሆነው ተገኝተዋል። በኬንያ ደግሞ ፓሌክሶሪስታ ዞናታ የተባለ የታኪኒድ ዝንብ ዋናው ጥገኛ ነበር፤ 12.5 በመቶ ተምቾችን ይዞ ተገኝቷል። ማንም ያልቀጠራቸው፣ ደመወዝ የማይጠይቁ ሠራተኞች በማሳው ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።

ማሳውን ሙሉ ሳንመለከት በመርዝ ስናጥበው ተምቹን ብቻ ሳይሆን እነዚህንም እንገድላለን፤ ከማሳው ዳር ያለው የንብ ቀፎም ይጎዳል። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበ ሐዲስ፣ አንዲት ጉንዳን ነክሳው የጉንዳኖቹን መኖሪያ በሙሉ ያቃጠለ አንድ ነቢይ ከአላህ ዘንድ ስለዚህ መወቀሱ ተነግሮናል። የነከሰችው አንዲት ነበረች። ትምህርቱ ለእኛ ግልጽ ነው።

ይህ ማለት ግን «በጭራሽ አትርጩ» ብለን አባቶቻችንን እንሞግት ማለት አይደለም። ጥገኛው ዝንብ አባጨጓሬውን የሚገድለው ዘግይቶ ነው፤ እስከዚያ ሰብሉ ይበላል። ተባዩ ከበዛ እርምጃ ያስፈልጋል። ቤተሰብ የሚያድርበት እህል አማና ነው። እኛ ማድረግ የምንችለው በአክብሮት ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው፦ «አባዬ፣ ከመርጨታችን በፊት ማሳውን አብረን እንዙር። ተምቹ ስንት አገዳ ላይ ነው? ነጭ እንቁላል የተለጠፈበት ተምች አለ? የልማት ሠራተኛውን እንጠይቅ? ከረጨንም ንቡ በማይወጣበት፣ አመሻሽ ላይ ይሁን።» ለበግና ለአህያ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም የሚያዘውን እንከተል።

ለማጠቃለል

ሁለት ክንፍ፣ ሻካራ ፀጉር፣ ረዥም መምጠጫ፣ ቀጭን ወገብ፣ ባለ መስመር ዐይን፣ የማይበላ አፍ፤ እነዚህን ምልክቶች ይዘን ወደ መስክ ስንወጣ «ዝንብ» ብለን ያለፍነው ሁሉ የየራሱ ታሪክ ያለው ፍጡር ሆኖ እናገኘዋለን። አንዱ የተምች ጠላት፣ አንዱ የአንበጣ እንቁላል በላ፣ አንዱ የበጋችን ስቃይ ነው። ሁሉንም በአንድ ስም ጠርተን በአንድ መርዝ የምንጨርስ ከሆነ እውቀታችን ለማንም አልጠቀመም።

ለጥናት ቡድኖች የሚሆኑ የመወያያ ጥያቄዎች፦

1. ታኪኒድን ከሥጋ ዝንብ የሚለየው የሚታመን ምልክት የቱ ነው? እንዴትስ ይታያል?
2. ኮኖፒድን ከተርብ በምን እንለየዋለን?
3. በጎች አፍንጫቸውን መሬት ላይ ሲቀብሩ ብናይ ምን እንጠረጥራለን? ምንስ እናደርጋለን?
4. «ጥገኛ ዝንቦች ስለሚጠቅሙን ተፈጠሩ» የሚለው መልስ ለምን ብቻውን አይበቃም?
5. በአካባቢያችሁ ከመርጨት በፊት ማሳን የማየት ልማድ አለ? ከሌለ ለቤተሰባችሁ እንዴት ታስረዳላችሁ?

አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፤ ባወቅነውም የምንጠቅም ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።